የማንም ያልሆነ ትዝታ፦ ጊዜና ትዳር በ«ቱ ፎር ዘ ሮድ»

ፈረንሳይ ውስጥ ሁለት ወጣቶች መንገድ ዳር ቆመው ሊፍት ይለምናሉ። መኪኖቹ አንድ በአንድ ጥለዋቸው ያልፋሉ። ማርክ ይበሽቅና አንድ ቀን መኪና ሲኖረው ሊፍት የሚጠይቅ መንገደኛ ፈጽሞ ጥሎ እንደማያልፍ ይምላል። ወዲያው ትዕይንቱ ይቆረጣል። ያው ማርክ፣ ዓመታት አልፈው፣ የራሱን መኪና እየነዳ፣ እጃቸውን የዘረጉ መንገደኞችን ፍጥነት እንኳ ሳይቀንስ ያልፋቸዋል። በመሐላውና በመሐላው መፍረስ መካከል አንዲት ሰከንድ የለችም። ተመልካች መጀመሪያ ይስቃል፤ ቆየት ብሎ ግን ሳቁ ይጎመዝዘዋል። ይህ ሰው እንዴት እንዲህ ሆነ ብሎ ቢጠይቅ ፊልሙ መልስ የለውም። በመሃል ያለውን ሁሉ ቆርጦ ጥሎታል።

ስታንሊ ዶነን ያዘጋጀው፣ ፍሬድሪክ ራፋኤል የጻፈው «ቱ ፎር ዘ ሮድ» በ1967 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለሕዝብ ሲቀርብ እየቀዘቀዘ ስለሄደ ትዳር የሚያወሳ ፊልም ተብሎ ነበር፤ ዛሬም አብዛኛው ሰው የሚያውቀው እንዲሁ ነው። እዚህ የምሞግተው ይህን ንባብ ነው። «እየቀዘቀዘ ሄደ» ለማለት መጀመሪያ ቅደም ተከተል ያስፈልጋል፤ ትናንት ሞቅ፣ ዛሬ ለብ፣ ነገ በረዶ። ዶነንና ራፋኤል ያፈረሱት ደግሞ በትክክል ይህንኑ መሰላል ነው። ፍቅሩ የሞተበትን ቀን የሚፈልግ ተመልካች በዚህ ፊልም ውስጥ አያገኘውም፤ ፊልሙም የተገጣጠመው እንዳያገኘው ተደርጎ ነው።

ታሪኩ ሲጨመቅ ቀላል ነው። ማርክ ዋላስ እንግሊዛዊ አርክቴክት ነው፤ ጆአና ሚስቱ ናት። በ12 ዓመት ገደማ ውስጥ ከሰሜን ፈረንሳይ ተነሥተው ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ደጋግመው ይጓዛሉ። መጀመሪያ በእግርና በሊፍት፣ ከዚያ ከአሜሪካውያን ወዳጆች ጋር በትልቅ የቤተሰብ መኪና፣ ከዚያ በአሮጌ ኤምጂ፣ ከዚያ ሴት ልጃቸውን ይዘው፣ በመጨረሻም በነጭ መርሴዲስ። ፊልሙ እነዚህን ጉዞዎች እንደ ካርታ ጨዋታ በውዟቸዋል። የሐሳቡ መነሻ ራፋኤል ከሚስቱ ጋር በዚያው አቅጣጫ ሲመላለስ በአእምሮው የመጣበት ነገር መሆኑ ይነገራል፤ ትናንት በዚህ መንገድ ያለፉትን የገዛ ራሳቸውን ዛሬ ቢቀድሟቸውስ? ፊልሙም ይህንን ቃል በቃል ያደርገዋል። አንዱ ዓመት ከሌላው ዓመት ጋር በአንድ አስፋልት ላይ ይተላለፋል፤ መርሴዲሱ የሚያልፋቸው ሊፍት ለማኞች እነማርክ ራሳቸው ሆነው ይገኛሉ።

ልብ ሊባል የሚገባው፣ ዓመቱን የሚነግረን ጽሑፍ በስክሪኑ ላይ አይወጣም። የት ዘመን ላይ እንዳለን የምናውቀው ከመኪናው፣ ከጆአና ፀጉርና ከልብሷ ነው። ጆአናን የምትጫወተው ኦድሪ ሄፕበርን እስከዚያ ድረስ በአብዛኞቹ ታዋቂ ፊልሞቿ የምትለብሰው የዢቫንሺን ልብስ ነበር። እዚህ ግን ዶነን ከዢቫንሺ አላቆ ከሱቅ የሚገዙ የዘመኑን ልብሶች አስለበሳት፤ የሜሪ ኳንትና የፓኮ ራባን ሥራዎች ይገኙባቸዋል። በሊፍቱ ዘመን ተራ ሹራብና ሱሪ፣ በመርሴዲሱ ዘመን ደግሞ የብረት ቅጠል የመሰለ የሚያብለጨልጭ ቀሚስ ትለብሳለች። ልብሱ ጌጥ ብቻ ቢመስልም የቀን መቁጠሪያውን ሥራ ይሠራል። የእኛ አገር አንባቢ ሄፕበርንን ይበልጥ የሚያስታውሳት በ1988 የዩኒሴፍ አምባሳደር ሆና ለመጀመሪያ ተልእኮዋ ወደ ኢትዮጵያ መጥታ የመቀሌን ሕፃናት ስትጎበኝ በተነሡት ፎቶግራፎች ሊሆን ይችላል። ያቺ ፊቷ የተሸበሸበ፣ ያልተኳኳለች ሴት የምትማርከው ሰው፣ ከ«ብሬክፋስት አት ቲፋኒስ» ይልቅ በዚህ ፊልም ውስጥ ይበልጥ ያገኛታል፤ ጆአና ስትነጫነጭ፣ ስታሾፍ፣ ስትደክም የምናያት ሴት ናትና።

ዶነን ከዳንስ ዓለም የመጣ ሰው ነው፤ ከጂን ኬሊ ጋር «ሲንጊን ኢን ዘ ሬይን»ን በ1952 ያዘጋጀው እሱ ነው። ይህ ያለፈ ሙያው ለዚህ ፊልም ከሰጠው ስጦታ ዋነኛው የቆረጣው ምት ይመስለኛል። አንድ መኪና ከግራ ወደ ቀኝ ሲወጣ ሌላ ዘመን ላይ ያለ ሌላ መኪና በዚያው አቅጣጫ ይገባል፤ አንዱ በር ሲዘጋ ሌላ ሆቴል ውስጥ በር ይከፈታል። ዓመታት የሚያያዙት በሰውነት እንቅስቃሴ ነው። በዚያው ዘመን አካባቢ አላን ሬኔ በ«ሂሮሺማ ሞናሙር» (1959) እና «ባለፈው ዓመት በማሪየንባድ» (1961) ጊዜን ሲበታትን ተመልካቹን ጭንቀት ውስጥ ከትቶት ነበር። ዶነን ያንኑ ብትንትን ወስዶ ለሆሊዉድ ሰፊ ስክሪንና ለሄንሪ ማንቺኒ ዜማ አስማማው። አንዳንድ ሃያሲ ይህንን እንደ ማርከስ ያየዋል። እኔ ግን የቀልዱ ቅልጥፍና ባይኖር ብትንትኑ ሊሸከመው የማይችለውን ምሬት ተሸክሟል ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ። በሥነ ጽሑፋችንም ሆነ በፊልማችን «ምልሰት» የምንለው ስልት ባለቤት አለው። ኃይሌ ገሪማ በ«ጤዛ» (2008) ጊዜን ሲሰባብረው ስብርባሪው የአንበርብር ነው፤ ከጀርመን እስከ ደርግ ዘመን አዲስ አበባ ያየው ሁሉ በቆሰለ አእምሮው ውስጥ እየተነሣ ያስጨንቀዋል። ተመልካቹ የአንድን ሰው ራስ ውስጥ እንዳለ ያውቃል። በ«ቱ ፎር ዘ ሮድ» ግን ያለፈው ዘመን ሲመጣ ማርክ በሐሳብ ፈዞ፣ ጆአና በመስኮት እያየች ቆዝማ አይደለም። ሁለቱም አያውቁም። አጠገባቸው የገዛ ወጣትነታቸው ሲያልፍ እየተነታረኩ ነው። እንግዲህ ይህ ትዝታ የማን ነው? የማንም። መንገዱ ሁሉንም ዓመት እኩል ዘርግቶ ይዟል፤ ለማመሳከር የተፈረደበትም ተመልካቹ ብቻ ነው።

ከዚህ ደንብ የሚያፈነግጥ አንድ ጉልህ ነገር አለ፤ ፊልሙም የሚዞርበት ማጠፊያ እሱ ነው። በወጣትነታቸው ማርክና ጆአና ምግብ ቤት ውስጥ አፍ ለአፍ ሳይነጋገሩ የሚበሉ ጥንዶች ያያሉ። ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው እንዲህ ቃል ሳይተነፍሱ የሚቀመጡት? መልሱ፦ ባልና ሚስት። ይህ ጥያቄና መልስ በፊልሙ ውስጥ እየተመላለሰ ይመጣል፤ በኋላም ዝምተኞቹ እነሱው ራሳቸው ይሆናሉ። ከዓመታት በኋላ ጆአና ዴቪድ ከሚባል ፈረንሳዊ ጋር ፍቅር ይዟት ማርክን ጥላ ትሄዳለች። ከዴቪድ ጋር ምሳ ላይ ሳሉ ያንኑ የመሰሉ ዝምተኛ ጥንዶች ታያለች፤ የድሮው ቀልድ ይመጣባታል፤ ተነሥታም ወደ ባሏ ትመለሳለች። እስካሁን የእኛ ብቻ የነበረው የማመሳከር ሥራ ለአንዲት ቅጽበት ወደ ገጸ ባሕርይዋ ይተላለፋል። የምትመለሰው ማርክ የተሻለ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ያንን ቀልድ አብሯት የሚያውቅ ሌላ ሰው በዓለም ላይ ስለሌለ ነው። ማርክም በደስታ እቅፍ አድርጎ አይቀበላትም፤ የቱኛው ወንድ መሆኑን አስታውሳ እንደሆነ በምፀት ይጠይቃታል። ትዳር በዚህ ፊልም ውስጥ ከስሜት ይልቅ የጋራ ማኅደር ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

የኤምጂው ጉዞ ደግሞ የቅደም ተከተል መፍረስ ምን እንደሚሠራ በደንብ ያሳያል። ጆአና ማርገዟን የምትነግረው በዚህ ጉዞ ነው። መኪናዋ የምትቃጠለውም በዚሁ። ገንዘብ ሳይኖራቸው ውድ ሆቴል ለማደር ይገደዳሉ፤ ራት ለመቆጠብ ምግብ ከውጭ ገዝተው በልብሳቸው ሸሽገው ወደ ክፍላቸው ያስገባሉ፤ በኋላ ነው የሆቴሉ ሒሳብ ምግቡንም ይጨምር እንደነበር የሚሰሙት። ሞሪስ ዳልብሬ የተባለውን ባለጸጋ የሚተዋወቁትም በዚሁ ጉዞ ነው፤ እሱ የማርክ ደንበኛ ይሆናል፤ ሀብት ያመጣል፤ የማርክንም ጊዜ ሁሉ ይወስዳል፤ ዴቪድም የሚመጣው በሞሪስ ሚስት በኩል ነው፤ ወንድሟ ነውና። በተራ አተራረክ ቢሆን ኖሮ ይህ «ያ ሌሊት ሁሉን አበላሸው» የሚባልበት ምዕራፍ ይሆን ነበር። በተበወዘው ፊልም ውስጥ ግን የተሸሸገው ምግብ ሳቅ ከዴቪድ ሕመም ጎን ይቀመጣል እንጂ ወደሱ የሚያመራ ደረጃ አይሆንም። «ድህነት ፍቅር ነበር፣ ሀብት አፈረሰው» የሚለውን ርካሽ ንባብም ፊልሙ የሚያመልጠው በዚህ ነው፤ በድህነታቸውም ክፉኛ ይጣሉ ነበር፤ በመርሴዲሱም ውስጥ ይሳሳቃሉ።

ከኋላ የመጡትን ሥራዎች ስናይ ልዩነቱ ይጎላል። ፍራንሷ ኦዞን በ«5x2» (2004) ከፍቺው ጀምሮ ወደ መጀመሪያው ትውውቅ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ስለዚህ የመጨረሻው የባሕር ዳር ውበት ሁሉ የተፈረደበት ነው። ዴሪክ ሲያንፍራንስ በ«ብሉ ቫለንታይን» (2010) ያለፈውን በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም፣ የአሁኑን በዲጂታል ካሜራ ቀርጾ፣ ሠርጉን ከመለያየቱ ጋር አፋጥጦ ይቆርጣል። ሁለቱም ብርቱ ፊልሞች ናቸው። ሁለቱም ግን ዳኞች ናቸው፤ የጊዜው ብወዛ ክሱን ለማጠንከር ነው የቆመው። ዶነን ማስረጃውን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፎ ፍርዱን አይጽፍም።

ይህ ማለት ግን ሚዛኑ ሁሌም ቀጥ ያለ ነው ማለት አይደለም። የአሜሪካውያኑ የማንቸስተር ቤተሰብ ክፍል ካርቱን ነው፤ ሁሉን በሒሳብ የሚያሰላው አባትና ሞልቃቃዋ ልጅ ለጥቂት ደቂቃ ያስቁና ከዚያ ይሰለቻሉ። ከዚህ የከፋው የማርክና የጆአና ክህደት የተያዘበት መንገድ ነው። የማርክ መንገድ ላይ ካገኛት ሴት ጋር መማገጥ እንደ መኪና እሽቅድምድም ቀላል ሆኖ ያልፋል፤ የጆአና ግን ከባድ ነው፣ ሥቃይ አለው፣ መመለስም ይጠይቃል። ልጃቸው ካሮላይን ደግሞ ስትፈለግ ከኋላ ወንበር ትቀመጣለች፣ ሳትፈለግ ትጠፋለች። ፊልሙ ጊዜን እኩል ቢያደርግም ባልና ሚስትን እኩል አላደረገም። ይህ የ1967 ዓይን ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ሆኖም ራፋኤል ለጆአና የሰጣት አንደበት ከማርክ የሚበልጥ ስለሆነ ጥፋቱ ይበልጥ ይታያል።

በመጨረሻ ድንበር ላይ ይደርሳሉ። ማርክ እንደ ልማዱ ፓስፖርቱን ጠፋብኝ ብሎ ይተራመሳል፤ ጆአና እንደ ልማዷ አግኝታ መሪው ላይ ታስቀምጥለታለች። ይሰዳደባሉ፤ ስድቡ የፍቅር ቃና አለው፤ ወደ ጣሊያን ያልፋሉ። ይህንን እርቅ ብለው የሚያነቡት ብዙዎች ናቸው። እርቅ ለማለት ግን ከዚህ ጸብ ወዲህ ሌላ ጸብ እንደማይኖር ማመን ይጠይቃል። የፓስፖርቱ ጨዋታ የተጀመረው ሲተዋወቁ ነው፤ ይህ ትዕይንት ከአሥር ዓመት በፊት በነበረው ጉዞ መጨረሻ ላይ ቢገባም አንድ ቃል መቀየር አያስፈልገውም ነበር።