ትበላለህ

አንድ አብሮ አደጌ ከሚኖርበት አሜሪካ ለመስቀል መጥቶ ነበር። ያሆዴ መስቀላ ሲደርስ የሀዲያ ልጅ የትም ይኑር የት ልቡ ሆሳዕና ነው። ሥጋው ተበልቶ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ፣ አምና ከባለቤቱ ጋር ባሃማስ ለሽርሽር ሄደው ያሳለፉትን ያጫውተን ጀመር።

«ባሕር ዳር መጋደም የሚጥመው ሦስት ቀን ነው» አለ። «በአራተኛው ቀን ካዚኖ ገባሁ።»

የተጫወተው ብላክ ጃክ የሚሉትን የካርታ ጨዋታ ነው። ሕጉ ቀላል ነው። የካርታህ ድምር ሃያ አንድን ሳያልፍ ከአጫዋቹ ከበለጠ ትበላለህ፤ ሃያ አንድን ካለፈ ደግሞ ትበላለህ። ሁለቱ ቃላት ሲጻፉ አንድ ናቸው። ልዩነታቸው ማጥበቅና ማላላት ብቻ ነው። አማርኛችን ቁማርን በደንብ ሳያውቀው አልቀረም።

ወዳጄ አጥብቆ ተበላ። «ሁለት መቶ ዶላር ሄደች» ብሎ ሳቀ። «ለዚያ ብዬ የያዝኳት ናት። እራት እንደ ጋበዝኩበት ቁጠረው።»

ካርታ የምታድለውን የአገሩን ልጅ «አንቺስ ትጫወቻለሽ?» ቢላት፣ «ለእኛ ክልክል ነው» አለችው። እውነቷን ነው። የባሃማስ ሕግ ዜጎች በገዛ አገራቸው ካዚኖ እንዳይቆምሩ ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የቁማር ሕግም ክልከላውን አላነሳም። ይኸው ሕግ ግን ዌብ ሾፕ የሚባሉትን የሰፈር ውርርድ ቤቶች ፈቅዷል። አስገራሚው ነገር፣ ከዓመት በፊት በ2013 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ አብዛኛው ድምፅ ሰጪ እነዚህን ቤቶች አንፈልግም ብሎ ነበር። ስለዚህ የእራት ብር ይዞ ለመጣው እንግዳ ካዚኖው አለለት፤ ለአገሬው ደግሞ የሰፈሩ ውርርድ ቤት።

በማግሥቱ ወዳጄ ዱራሜ ያሉትን አክስቱን ሊጠይቅ ሲነሣ መናኸሪያ ሸኘሁት። ረዳቱ «ዱራሜ! ዱራሜ! አንድ ሰው!» ይላል። ያ «አንድ ሰው» ስንት ሰው እንደሆነ የተሳፈረ ያውቀዋል። ከበሩ አለፍ ብሎ ሰዎች ክብ ሠርተው ቆመዋል። መሐላቸው ካርቶን፣ ካርቶኑ ላይ ሦስት ካርታ። «ቀይዋን ያየ! ቀይዋን ያየ!» አንዱ ቀይዋን አየና መቶ ብር በላ። ሌላውም በላ። ሦስተኛው ፌስታል ያንጠለጠለ፣ ከገጠር የገባ የሚመስል ወጣት ነበር። አስያዘ፤ ተበላ። ለማስመለስ ደግሞ አስያዘ፤ ተበላ። በመጨረሻ ፌስታሉን እንዳንጠለጠለ፣ ወደ መኪናው ሳይሆን ወደ አስፋልቱ ወጥቶ በእግሩ ሄደ። የተበላው መሳፈሪያውን ነው።

«ይሄማ ሌብነት ነው» አለ ወዳጄ። «መጀመሪያ የበሉት ሁለቱ የራሱ ሰዎች ናቸው። ካዚኖ እንዲህ አያደርግም።»

ልክ ነው፤ ካዚኖ እንዲህ ማድረግ አያስፈልገውም። የብላክ ጃክ ሕግ ጠረጴዛው ጨርቅ ላይ ሳይቀር ታትሞ ይታያል። አጫዋቹ ድምሩ 16 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ መሳብ፣ 17 ላይ መቆም ግዴታው ነው። ታዲያ ቤቱ በምን ያተርፋል? ተጫዋቹ ቀድሞ ስለሚስብ ነው። ሃያ አንድን ካለፈ ብሩ እዚያው ይሰበሰባል። በኋላ አጫዋቹ ራሱ ሃያ አንድን ቢያልፍ፣ ቀድሞ ለተበላው ሰው የሚመለስለት የለም። ጨዋታውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው፣ ደህና ሕግ ባለው ጠረጴዛ ላይ ከሚያስይዘው 100 ዶላር በአማካይ የሚያጣው ግማሽ ዶላር ገደማ ነው። እሷ ግማሽ ዶላር ናት ሌሊቱን ሙሉ ተጠራቅማ ሆቴሉን የምታቆመው። ሌብነት የለበትም፤ ብቻ ቀድሞ የሚከፍለው አንተ ነህ።

ይህን ይዘን ወደ ራሳችን እንምጣ። መናኸሪያው አካባቢ ስልኩ ላይ ያቀረቀረውን ወጣት «ምን እያደረግህ ነው?» ብትሉት «ትኬት እየቆረጥኩ» ይላችኋል። የመኪና እንዳይመስላችሁ። የእንግሊዝን፣ የስፔንን፣ የጣሊያንን ጨዋታ ደርድሮ ለውርርድ ነው። አሥር ጨዋታ በአንድ ትኬት፣ በሃምሳ ብር ብዙ ሺህ! ሒሳቡን እንሥራው። አወራራጁ ከእያንዳንዱ ጨዋታ ላይ ለራሱ 5 በመቶ ብቻ ቢያስቀር፣ አሥሩ ሲባዙ ተጫዋቹ ካስያዘው 100 ብር በአማካይ የሚመለስለት ወደ 60 ብር ነው። የባሃማሱ ቱሪስት ግማሽ ዶላር ባጣበት መቶ፣ የእኛ ሥራ ፈላጊ አርባ ብር ያጣል። ድሃ የሚጫወተው ቁማር ዋጋው ከሀብታሙ ይወደዳል ማለት ነው።

«አተርፍ ባይ አጉዳይ» የሚል ተረት አለን። እንዲህ ያለውን ልጅ ባየን ቁጥር እንተርትበታለን። እኔ ግን ይህ ተረት ለወዳጄ እንጂ ለፌስታሉ ልጅ የሚሆን አይመስለኝም። ወዳጄ ሊያተርፍ ሄዶ እራቱን አጎደለ፤ ሳቀ፤ ተመለሰ። ልጁ ግን መጀመሪያም የጎደለ ነው። ሰው ያጎደለውን ለመሙላት ሌላ በር ሲያጣ፣ ክፍት ያገኘው በር ላይ ይሰለፋል።

እዚህ አገር ደግሞ ከሁሉ የሚሰፋው በር ካርታም ስልክም የለበትም። ሆሳዕናና ዱራሜ አካባቢ «መንገድ ጀመረ» ከተባለ ወዴት ብሎ የሚጠይቅ የለም። በሞያሌ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያ አድርጎ ደቡብ አፍሪካ ነው። መሬት ይሸጣል፤ በሬ ይሸጣል፤ ዕቁብ ይወጣል። የተሳካላቸው ያቆሙትን ሕንፃ፣ ያስተማሩትን ወንድምና እህት የሚክድ ዓይን የለውም። እኔም አልክድም። ነገር ግን ሕንፃ ይታያል፤ በየመንገዱ የቀረው አይታይም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ውስጥ የአንድ ጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት 64 አስከሬን ተገኘ፤ ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ዛምቢያ ሉሳካ ዳር 27 አስከሬን ተጥሎ ተገኘ። እነሱም ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ ይገመታል ተባለ። ሬዲዮው ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ ደላላው ባለፈው ያሻገረውን ልጅ ፎቶ እያሳየ ሌላ ቤት ገብቷል። ያ ፎቶ ቀይዋን ቀድሞ ያየው ሰውዬ ነው። ልጁ ደረሰም አልደረሰም፣ የተከፈለው ተመልሶ ሲመጣ ግን አላየሁም።

«ታዲያ ዕጣ ፈንታን መሞከር ይቅር?» ትሉኝ ይሆናል። እኛ እኮ ዕጣን ከማንም በላይ የምናውቅ ሰዎች ነን። በየወሩ ዕቁብ ላይ ዕጣ እናወጣለን። ዕቁብ ላይ ግን ዕጣው የሚወስነው ተራን ብቻ ነው። ዛሬ ያልደረሰው ነገ ይደርሰዋል፤ ሁሉም የጣለውን ያህል ያነሣል። መሐል ቆሞ የሚበላ ቤት የለም። ይህን ያለ ካዚኖ፣ ያለ ሒሳብ ሊቅ፣ አያቶቻችን አስበውታል።

አንድ ነገር ደግሞ ጨምረዋል። ቀድሞ የደረሰው ሰው ይዞ እንዳይጠፋ ዋስ ይጠራል። ጎረቤት ይሁን፣ ዘመድ ይሁን፣ ዳኛው «ዋስህ ማነው?» ሳይለው ብር አይቆጥርለትም። ለአሥር ሺህ ብር ዕቁብ አብሮ አደጋችንን፣ አብሮ ያገባንን፣ አብሮ የቀበረንን ሰው ዋስ እንጠይቃለን። መሬቱን፣ በሬውንና ልጁን አንድ ላይ ለወሰደ ደላላ ግን «ዋስህ ማነው?» ያለውን አባት እስካሁን አልሰማሁም።