ደወል የሌለው ዜና

አንድን መጽሐፍ ለመተቸት መጽሐፉን ማንበብ ይበቃል። ዜናን ለመተቸት ግን ዜናውን መስማት ብቻውን አይበቃም፤ ዜናውን የሚሰማውን ቤተሰብም መስማት ያስፈልጋል። ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ ከሐምሌ 22 እስከ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. ያለው አንድ ሳምንት ነው። አንባቢ እንደሚያስታውሰው፣ ሰኞ ዕለት ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተወሰነ። ያው ሰኞ ለጎፋ ሟቾች የታወጀው የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ማብቂያ ነበር። ዐርብ ማታ ደግሞ በፓሪስ ኦሎምፒክ የወንዶች 10,000 ሜትር ፍጻሜ ተሮጠ። ገንዘብ፣ ሐዘንና ሩጫ በአንድ ሳምንት፣ በአንድ የቴሌቪዥን መስኮት! ከሦስቱ መካከል ሰሚው ሊከተለው በሚችል መንገድ የተነገረው ሩጫው ብቻ ነው፤ የምለው ይህንኑ ነው።

የምኖረው ኮልፌ ቀራኒዮ፣ ከ18 ማዞሪያ ብዙም ሳይርቅ፣ አምስት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነው። ጊዜው ክረምት ስለነበር ትምህርት ተዘግቷል፤ ልጆቹ ዝናቡ ሲያባራ ደጅ፣ ሲመጣ ቤት ናቸው። ደህና ቴሌቪዥን ያለው አከራያችን ዘንድ ስለሆነ ማታ ማታ እዚያ የሚሰበሰበው ሰው ብዙ ነው (መብራት ካለ ማለቴ ነው)። አከራያችንን ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ባለቤታቸው ጋሼ ጡረተኛ ናቸው፤ ዜና ሳይሰሙ የማይተኙ የድሮ ሰው። ትልቁ ልጃቸው በአየር ጤና መስመር ታክሲ ይነዳል።

ሰኞ ማታ «የማክሮ ኢኮኖሚ ማሻሻያ»፣ «በገበያ ላይ የተመሠረተ የውጭ ምንዛሪ ሥርዓት» የሚሉ ቃላት ተራ በተራ አለፉ። ቃላቱ ስሕተት የለባቸውም፤ ባለሙያ ከባለሙያ ጋር ሲነጋገር የሚጠቀምባቸው ናቸው። እትዬ ግን ያን ሁሉ ማብራሪያ በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ «ታዲያ ብሩ ረከሰ ነው የሚሉት ወይስ ተወደደ?» መልስ የሰጣቸው ዜናው ሳይሆን ጋሼ ናቸው። በ1985 ዓ.ም. አንድ ዶላር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ሲዘል የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩና «ያኔ የሆነው ነው የሆነው» አሏቸው። እትዬም ገባቸው።

ለመሆኑ ዜናው ይህን መናገር ለምን አቃተው? ቁጥሩ እንደሁ በእጁ ነበር። ዐርብ ዕለት በንግድ ባንክ 57 ብር ከ48 ሳንቲም ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ሰኞ 74 ብር ከ73 ሳንቲም ገባ። እንግዲህ አንድ ሺህ ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ለማስመጣት ዐርብ 57 ሺህ ብር ከምናምን ይበቃ ከነበረ፣ ሰኞ ወደ 75 ሺህ ብር ግድም ሊያስፈልግ ነው። ይህ ግን የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው። በጥቁር ገበያ አንድ ዶላር ቀድሞውንም ከ100 ብር በላይ ይሸጥ ነበር፤ ብዙ ነጋዴም ዕቃውን የሚተምነው በዚያ ዋጋ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ዕቃ ለመወደድ በቂ ምክንያት አልነበረውም፤ በባንክ ዶላር ሲገባ የቆየው ግን ነበረው። የትኛው የትኛው ነው? ቤተሰቡ ማወቅ የሚፈልገው ይህንን ነው። መንግሥትም ቢሆን የሚጠቅመው ይኸው ማብራሪያ ነበር፤ ራሱ ለራሱ የቆመበትን ክርክር በማይገባ አማርኛ ቀበረው።

ማክሰኞ የሆነውን ሳልጠቅስ አላልፍም። ዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ 1.5 ቢሊዮን ዶላር አጸደቀ ተባለ። የአንዷ ጎረቤታችን ልጅ፣ ሰባት ዓመት የማይሞላው፣ ዐይኑን አፍጥጦ «ዓለም ባንክ? እዚህ ታች ያለው?» አለ። ዓለም ባንክ ለእሱ የታክሲ ረዳት ሲጠራው የሚውል ሰፈር ነው። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ቆይቶ ሳስበው ግን ልጁ ከዜናው የተሻለ ሥራ ሠርቷል፤ ቢያንስ ነገሩ የት እንዳለ ጠይቋል።

ረቡዕ ጠዋት የሰፈሩ ሱቅ ዘይት «የለም» አለ። በእኛ ሰፈር «የለም» ማለት ሁልጊዜ የለም ማለት አይደለም፤ «ነገ ስንት እንደሚሆን አላወቅሁም» ማለትም ይሆናል። የምግብ ዘይት ድጎማ ይደረግላቸዋል ከተባሉት ሸቀጦች አንዱ መሆኑ በይፋ ተነግሯል። ድጎማው በየትኛው በር እንደሚገባና መቼ ሱቅ እንደሚደርስ ግን እኛ ቤት የሰማ የለም። ቀናት ሳያልፉ ዜናው ወደሚያውቀው መንገድ ተመለሰ፤ አላግባብ ዋጋ በጨመሩ ነጋዴዎች ላይ ርምጃ መወሰዱ ተገለጸ።

እስቲ «ተገለጸ» የምትለዋን ቃል ቆም ብለን እንያት። የሰዋስው መምህሮቻችን ዐረፍተ ነገር ባለቤት አለው ብለው ያስተማሩን እኮ ለቀልድ አይደለም። ማን ገለጸ? ለማን? ተጠየቀ ወይስ በራሱ ጊዜ መጣ? «ተገለጸ»፣ «ተጠቆመ»፣ «ተመለከተ»፣ «ተወሰነ» በተደረደሩበት ዜና ውስጥ ነገሮች ሁሉ በራሳቸው የሚሆኑ ይመስላል፤ ሰው የለም። ልማዱ የአንድ ጣቢያ ወይም የአንድ መንግሥት ብቻ አይደለም። ጋሼ በወጣትነታቸው የሰሙት ዜናም ሲያልቅ «ተገለጸ» ይል እንደነበር ይነግሩኛል፤ የተለወጠው ገላጩ ነው። የግል ኤፍ ኤሞቹ ሲመጡ ነገሩ ይፈታል ብለን ነበር። ጨዋታው ተፈታ፤ ሰዓቱ ሲደርስ የሚነበበው ዜና ግን ያችኑ ክራቫት እንዳሰረ ቀረ።

የሚያመው ግን ይህ አማርኛ ሐዘን ላይ ሲደርስ ነው። ሐምሌ 15 ቀን በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በሚባል ቀበሌ መሬት ተንሸራቶ ከ220 በላይ ሰው ሞተ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩ ጎረቤቶቻቸውን በእጅና በአካፋ ለማውጣት የሮጡ ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው ወረደ። ይህን አንድ ነገር የሰማ ሰው አደጋውን መቼም አይረሳውም። ዜናው ግን በየሰዓቱ የሚነግረን ቁጥሩን ነበር፤ ቁጥሩ አደገ፣ ማን ሐዘኑን ገለጸ፣ ማን ምን ያህል ለገሰ። ለቅሶ ቤት ሄዶ ከበር ላይ የሐዘንተኞችን ብዛት ቆጥሮ እንደመመለስ ነው።

ኮልፌ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ፣ በእኛው ክፍለ ከተማ ረጲ፣ ሁላችንም ቆሼ በምንለው ቦታ፣ ለግማሽ ምዕተ ዓመት የተከመረው ቆሻሻ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ቀበረ። ከሟቾቹ የሚበዙት ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ያኔም ሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ፤ ያኔም ቁጥሩ በየዕለቱ እያደገ ተነበበልን። የጎፋው ዜና በሚነበብበት ሰዓት እትዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር የተቀመጡት። የጠየቁትም «ስንት ሞተ?» ብለው አይደለም። «የተረፉት የት አደሩ?» ነበር ያሉት። በዚህ ዝናብ፣ በዚህ ብርድ! የቆሼን ጊዜ ያየ ሰው የሚጠይቀው ይህንን ነው። አንድ የዜና አዘጋጅ በዚያ ሳምንት እትዬን ቢያማክር ኖሮ የዜናውን መሪ ዐረፍተ ነገር ባገኘ ነበር።

ወደ ዐርብ እንምጣ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ20፤ ልጆቹ አልተኙም፤ የሚያስተኛቸውም የለም። ባለታክሲው ልጅ ሥራውን ቀደም ብሎ ጨርሶ ገብቷል። በሩጫ የሚያስተላልፈው ሰው የሚሠራው ቀላል ይመስላል። ስንት ዙር እንደቀረ ይነግርሃል፤ ማን ከፊት፣ ማን ከኋላ እንዳለ ይነግርሃል፤ ማንን መፍራት እንዳለብህ ይነግርሃል። ሃያ አምስቱን ዙር እንዲህ እያለ ሲያስኬድህ፣ ስለ ሩጫ ምንም የማታውቀው እትዬ እንኳ በአሥራ አምስተኛው ዙር «ያ ኡጋንዳዊ ዝም ብሎ የሚከተለው ለተንኮል ነው» ማለት ትጀምራለች። (አንቺ ማለቴ ከፍቅር ነው፤ እትዬ ይቅር ይሉኛል።) እውነትም ዮሚፍ ቀጀልቻ፣ ሰለሞን ባረጋና በሪሁ አረጋዊ እየተፈራረቁ ፍጥነቱን ሲያከርሩት ጆሹዋ ቼፕቴጌ አድፍጦ ነበር። ወደ መጨረሻው ሲቃረቡ ፈተለከ። በሪሁ ከኋላ መጥቶ በመጨረሻዋ ቅጽበት ሁለተኛ ወጣ፤ ቼፕቴጌ 26፡43.14፣ በሪሁ 26፡43.44፣ አሜሪካዊው ግራንት ፊሸር 26፡43.46።

ይህ አተራረክ ከሰማይ አልወረደም። ደምሴ ዳምጤ በ1980 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የዚምባቡዌን የሴካፋ ዋንጫ ፍጻሜ በሬዲዮ ሲያስተላልፍ ስታዲየም መግባት ያልቻለው ሕዝብ ኳሷን በጆሮው ያያት ነበር ይባላል። እሱና መሰሎቹ ያወረሱን ሞያ አለ፤ ሰሚው ምን እንደማያይ ዐውቆ ያንኑ መንገር። የዜና ክፍሉ ከስፖርት ክፍሉ ጋር ባንድ ኮሪደር ላይ ተቀምጦ ይህን አለመማሩ ይገርመኛል።

ይህን ስል ስፖርቱን ላሞግስ አይደለም። ሩጫው ካለቀ በኋላ ያው ስፖርት ወደ ዜና አማርኛ ተመለሰ፤ «ወርቅ አመለጠን» ተባለና ነገሩ ተዘጋ። ለምን እንዳመለጠን፣ ልጆቻችን ፍጥነቱን ማክረራቸው ትክክል ይሁን አይሁን የተነተነልን የለም። የቀነኒሳ በቀለ የቤጂንግ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን 27፡01.17 ነበር፤ በዚያች ማታ በ18 ሴኮንድ ተሻሻለ፤ ያን ፍጥነት የገነቡት ደግሞ አብዛኛውን የእኛ ልጆች ናቸው። በሪሁ በቶኪዮ አራተኛ ነበር። በ1993 ዓ.ም. መስከረም ላይ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን በሲድኒ የቀደመባትን ዘጠኝ መቶኛ ሴኮንድ በዚያ ዘመን የነበረ ሰው ሁሉ ያውቃታል። በሪሁ ፊሸርን የቀደመባትን ሁለት መቶኛ ሴኮንድ ስንት ሰው ያውቃታል? ብር ስለሆነች ብቻ! (በዚያ ሳምንት ብር የተባለ ነገር ሁሉ ዕድል አልነበረውም ያለው ባለታክሲው ነው።)

የእንግሊዝ እግር ኳስ በሬዲዮዎቻችን ላይ ስለሚወስደው ሰዓት ብዙ ተብሏል፤ አልደግመውም። አንድ ነገር ብቻ፤ የአርሴናልን ተጠባባቂ በረኛ የሚዘረዝር ልጅ የሰፈሩን ቡድን አሠልጣኝ አለማወቁ የልጁ ጥፋት አይደለም።

በሪሁ ከሮጠ ከስምንት ቀን በኋላ፣ ነሐሴ 4 ቀን ጠዋት፣ ታምራት ቶላ ማራቶኑን በ2፡06፡26 በኦሎምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ። ታምራት መጀመሪያ ተጠባባቂ ነበር፤ የገባው ሲሳይ ለማ በጉዳት ምክንያት ስለቀረ ነው። አስተላላፊው ይህን ታሪክ ከውድድሩ መጀመሪያ አንሥቶ፣ አቀበቱ ሲመጣ ደግሞ፣ መስመሩ ሲጨረስ ደግሞ ነገረን። ቤቱ በእልልታ ሲናወጥ እትዬ ብቻቸውን ዝም ብለው ቆዩና፣ «ያ ቦታውን የለቀቀለት ልጅስ አሁን ምን እያለ ይሆን?» አሉ።