ትራፊና ትሩፋት

አማርኛ ትራፊንና ትሩፋትን ከአንድ ግንድ አብቅሏቸዋል። ሁለቱም «ተረፈ» ከሚለው ግሥ የወጡ ናቸው። ትራፊ ለውሻ ይጣላል፤ ቢበዛ ደጅ ለቆመ ለማኝ ይሰጣል። ትሩፋት ደግሞ የጻድቃን ሥራ ነው፤ ሰው አንገቱን ደፍቶ የሚመኘው ነገር። አንድ ቃል ከወለል እስከ ጣሪያ እንዴት እንዲህ እንደተዘረጋ የቋንቋ ሊቃውንት ይመርምሩት። እኔን ያነሳሳኝ ይህንኑ ልዩነት አንድ ሌላ ሕዝብ በቃል ሳይሆን በምግብ ሲኖረው ማየቴ ነው። የህንዶቹን ፕራሳድ ማለቴ ነው።

ህንድ ሀገር የተማረ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። ፑኔ፣ ሃይደራባድ፣ ዴልሂ፣ ቪሻካፓትናም ሄደው ማስተርሳቸውን ወይም ዶክትሬታቸውን ይዘው የተመለሱ መምህራን በየዩኒቨርሲቲያችን አሉ። ከእነርሱ መካከል ጎረቤቱ በሩን አንኳኩቶ በትንሽ ሳህን ጣፋጭ ነገር ያላቀረበለት ብዙ የሚኖር አይመስለኝም። «ፕራሳድ ነው» ይባላል። ተቀባዩ ወይ ከረሜላ መስሎት ይበላዋል፣ ወይ ለጣዖት የተሠዋ ነው ብሎ ይሸሻል። መብላት አለመብላቱ የየሰው ሃይማኖትና የየሰው ሕሊና ጉዳይ ነው፤ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈበት የቆየ ጥያቄ ስለሆነ እኔ አልገባበትም። ግን የበላነውም ሆነ እምቢ ያልነው ነገር ምን እንደሆነ ብናውቅ ምን ይጎዳናል?

ነገሩ ወዲህ ነው። ምግቡ ሲሠራ ሠሪው አይቀምሰውም። ጨው በዛ አነሰ ተብሎ በምላስ አይፈተሽም፤ የመጀመሪያው ቀማሽ አምላኩ ነዋ! በዚህ ጊዜ ስሙም ፕራሳድ አይደለም፤ ነይቬድያ ነው፤ እኛ መባ እንበለው። በምስሉ ፊት ይቀመጣል፣ ውሃ ይረጫል፣ ደወል ይደወላል፣ በብዙ ቤተ መቅደስ መጋረጃም ይጋረዳል። (ይኼ እንኳ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በነገሥታቱ ግብር ላይ ንጉሡ ሲበሉ መጋረጃ ይጋረድ የለ?) መጋረጃው ሲገለጥ ምግቡ ለዓይን ምንም አልጎደለም። አማኙ ግን አምላኬ ቀምሶታል ይላል። እንግዲህ ከዚያ በኋላ ተመልሶ ለሰው የሚታደለው ነው ፕራሳድ። ቃሉ በሳንስክሪት መርጋትን፣ መጥራትን ያመለክታል፤ የደፈረሰ ውሃ ረግቶ ሲጠራ እንደማለት። ከዚያ ተነስቶ ፊት ማብራት፣ ሞገስ፣ ጸጋ የሚል ትርጉም ያዘ።

ምግቡ ሁልጊዜ ጣፋጭ ነው፣ ሁልጊዜም ሥጋ የለበትም ብሎ የሚያስብ ካለ ደግሞ ኮልካታ ይሂድ። በካሊጋት ቤተ መቅደስ የፍየል ሥጋ ለካሊ ይቀርባል፤ በዚያው ከተማ ቻይናውያን በሰፈሩበት ታንግራ ባለች ትንሽ የካሊ መቅደስ የሚታደለው ኑድልስ ነው። ኡጄይን ላይ ለካል ባይራቭ አረቄ ይቀርብለታል። ሂንዱነት አንድ ወጥ የሆነ የምግብ ዝርዝር የለውም።

የነገሩ እምብርት ያለው ሌላ ቦታ ነው። በህንድ የዕለት ኑሮ «ጁታ» የሚሉት አለ። የሌላ ሰው አፍ የነካው፣ ምራቅ የደረሰበት፣ ከገበታ የተረፈ ምግብ ጁታ ነው፤ ያረክሳል። የበላይ የበታቹን ጁታ ከቶ አይነካም። የበታች ግን የበላዩን ጁታ ሊበላ ይችላል፤ ሲበላም የበታችነቱን በአፉ መሰከረ ማለት ነው። ታዲያ ፕራሳድ ምንድን ነው? የአምላክ ጁታ አይደለምን? አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ሎረንስ ባብ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው ጥናቱ ያነሳው ይህንን ነው። ሰው የአምላኩን ትራፊ ሲበላ ራሱን እስከ መጨረሻው ዝቅ ያደርጋል፤ ከዚያ ከፍታ ሲታይ ደግሞ ብራህሚኑም ገበሬውም እኩል ዝቅ ያሉ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ደረጃ ለጊዜውም ቢሆን ይሟሟል፤ ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው። እንግሊዛዊው ክሪስ ፉለር እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣው መጽሐፉ አልተቀበለውም። ፕራሳድ ትራፊ አይደለም፣ በአምላኩ ንክኪ ጠባዩ የተለወጠ ነገር ነው ባይ ነው።

በሃይማኖቱ አስተሳሰብ ከሆነ እኔም ወደ ፉለር አደላለሁ። ከቤተ መቅደስ የሚታደለው ምግብ ብቻ አይደለማ! አመድም፣ ውሃም፣ አበባም አለ። አመዱን ማን በልቶ አተረፈው? በማኅበራዊ ኑሮው ግን ባብ የነካው ጅማት እውነተኛ ጅማት ነው። ጥያቄው፣ ያ ደረጃ የሚሟሟው ለስንት ደቂቃ ነው? የሚለው ነው። ይህን ደግሞ ከመጽሐፍ ይልቅ ድስቱ ይነግረናል።

በጥንቱ የሂንዱ ቤት ሁለት ዓይነት ምግብ አለ። በውሃ የተቀቀለው፣ ማለትም ሩዝና ምስር፣ «ካቻ» ይባላል። በቅቤ የተጠበሰው «ፓካ» ነው። በውሃ የበሰለ ምግብ የሠሪውንና የነኪውን ርኩሰት ቶሎ ይስባል ተብሎ ይታመናል፤ ስለዚህ ከእኩያ ወይም ከበላይ እጅ ካልሆነ አይበላም። በቅቤ የተጠበሰው ጠንካራ ነው፤ ብዙ እጅ ያልፋል። ሠርግ ላይ ብዙ ጎሳ ሲጋበዝ የተጠበሰ የሚቀርበው ለዚህ ነበር። እንግዲህ ጎረቤት ለጎረቤት ያቀረበው ፕራሳድ ጣፋጭ ከሆነ፣ በቅቤ የተጠበሰ ከሆነ፣ ብዙም አልደፈረም። ፈተናው ያለው ሩዙ ላይ ነው።

የቲሩፓቲውን ላዱ ተመልከቱ። በደቡብ ህንድ አንድራ ፕራዴሽ፣ በቲሩማላ ተራራ ላይ ለቬንካቴስዋራ ከሚቀርበው የሽምብራ ዱቄት፣ ስኳር፣ ቅቤ፣ ካሹና ዘቢብ የሚድበለበል ጣፋጭ ነው። በቀን ወደ 300 ሺህ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2009 የአካባቢ ስያሜ ጥበቃ ተሰጥቶታል፤ ሌላ ሰው «የቲሩፓቲ ላዱ» ብሎ መሸጥ አይችልም። ጸጋ በሕግ ተመዘገበ ማለት ነው! መስከረም 2024 (እ.ኤ.አ.) የክፍለ ሀገሩ ዋና ሚኒስትር ቻንድራባቡ ናይዱ በቀድሞው መንግሥት ዘመን ለላዱ የሚገዛው ቅቤ የእንስሳት ጮማ ተቀላቅሎበት ነበር ብለው ተናገሩ፤ የቀድሞው መንግሥት ሐሰት ነው አለ። ሀገር ተናወጠ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አማልክቱን ከፖለቲካ አርቋቸው ብሎ ከገሠጸ በኋላ በጥቅምት ወር ነፃ አጣሪ ቡድን እንዲቋቋም አዘዘ። ቁጣው ይገባኛል፤ ሥጋ በአፉ ላላዞረ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። የሚገርመኝ ግን፣ ስለ ቅቤው ንጽሕና ሀገር በሙሉ ሲናወጥ በገጠሩ ሻይ ቤት ለዳሊት ለብቻው የሚቀመጥለት ብርጭቆ ያንን ያህል ጩኸት አለማስነሳቱ ነው።

ወደ ሩዙ እንምጣ። በምሥራቁ ኦዲሻ፣ በባሕሩ ዳር በምትገኘው ፑሪ የጃጋናት ቤተ መቅደስ አለ። ኩሽናው በህንድ ካሉት ግዙፎች አንዱ ነው። ምግቡ በሸክላ ማሰሮ፣ ማሰሮው በማሰሮ ላይ ተደራርቦ፣ በእንጨት እሳት ይበስላል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አይገባም። ድንችና ቲማቲምም አይገቡም፤ ከአሜሪካ የመጡ መጤዎች ስለሆኑ አምላኩ ገና አልተዋወቃቸውም። (አራት መቶ ምናምን ዓመት ለመተዋወቅ አንሷል?) ምግቡ መጀመሪያ ለጃጋናት ይቀርባል፤ ቀጥሎ እዚያው ግቢ ላለችው ለቢማላ ይቀርባል፤ ያኔ «ማሃፕራሳድ» ይሆናል፣ ታላቁ ፕራሳድ። ከዚያም አናንዳ ባዛር በሚባለው የግቢው ገበያ ይሸጣል።

እዚያ የሚሆነው ነው ድንቁ። የሚሸጠው በውሃ የተቀቀለ ሩዝና ምስር ነው፤ ያ ክፉው ካቻ። ገዢው በእጁ ይቀምሰዋል፤ ካልጣመው ወደ ሌላው ይሄዳል። ብራህሚኑ ከማያውቀው ሰው ጋር ከአንድ ዕቃ ይበላል። ጁታ የሚባል ነገር በዚያ ሩዝ ላይ አይሠራም። እቤቱ ቢሆን ገላውን ይታጠብበት የነበረውን ነገር እዚህ በደስታ ይጎርሳል። አንድ ሕዝብ የሠራውን አጥር ራሱ በአምላኩ ስም ሲያፈርሰው ማየት ደስ ያሰኛል።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ከበሩ ወዲያ ነው። በበሩ ማን ይገባል? ለረጅም ዘመን የማይነኩ የተባሉት አይገቡም ነበር። ማሰሮውን የሚጥደው ደግሞ ዛሬም በዘር የሚወርስ አገልጋይ ነው። ጋንዲ እ.ኤ.አ. በ1934 የማይነኩትን ወገኖች ጉዳይ ይዘው በእግር መጓዝ የጀመሩት ከዚችው ከፑሪ ነው፤ እነርሱ ወደማይገቡበት አልገባም ብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1938 አጠገቧ ዴላንግ ላይ ለስብሰባ ሲመጡ ባለቤታቸው ካስቱርባ ከሌሎች ሴቶች ጋር ሄደው መቅደሱን ተሳልመው ተመለሱ። ጋንዲ ሲሰሙ ጤናቸው እስኪታወክ አዘኑ። የጸሐፊያቸው የማሃዴቭ ዴሳይ ሚስትም አብራ ገብታ ስለነበር ዴሳይ ሥራዬን ልልቀቅ እስከ ማለት ደረሰ። አንዳንዱ አንባቢ «ምስኪን ባልቴት አምላኳን ብትሳለም ምን አለበት?» ይል ይሆናል። እኔም ለካስቱርባ አዝናለሁ። ቢሆንም ጋንዲ ያዩት ነገር ነበር፤ ሁሉ እኩል የሚበላበት ገበታ በሩ ላይ ዘበኛ ከቆመበት፣ እኩልነቱ የዘበኛው ነው እንጂ የገበታው አይደለም።

አምቤድካር ከጋንዲ ይልቅ ቀድሞ ተስፋ ቆርጧል። እርሱ የጀመረው ከጣፋጭ አይደለም፤ ከውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 ማሃድ ላይ ወገኖቹን ይዞ ከሕዝብ ኩሬ ውሃ ጠጣ። በ1930 ናሲክ ላይ የካላራም መቅደስ እንዲከፈትላቸው ትግል አስጀመረ፤ ዓመታት ፈጅቶም በሩ አልተከፈተም። በ1950 የጸናው የነፃይቱ ህንድ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 17 ሰውን የማይነካ ማድረግን ሲሽር ከሰነዱ ዋና አርቃቂዎች አንዱ እርሱ ነበር፤ በ1956 ግን ሂንዱነትን ትቶ ቡድሂስት ሆነ።

ከዚህ ሁሉ የከበደኝ የካርናታካው ነገር ነው። በኩኬ ሱብራማንያ መቅደስ ብራህሚኖች በልተው በተነሱበት የሙዝ ቅጠል ላይ ሌሎች የሚንከባለሉበት ሥርዓት ነበር፤ የቆዳ በሽታ ይፈውሳል ተብሎ። ተቃውሞ ሲበረታ አንድ መላ ተፈጠረ፤ የሰው ትራፊ ይቅርና ለአምላክ በቀረበ ምግብ ላይ ይንከባለሉ ተባለ። ልብ በሉ! ጁታው በፕራሳድ ተተካ፤ መሬት ላይ የሚንከባለለው ሰው ግን ያው መሬት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጣልቃ ገብቶ ሥርዓቱን አገደ። ፕራሳድ ምንም ዓይነት ደረጃ አይነካም የሚል ሰው ካለ፣ ወይም ሁሉን ያስተካክላል የሚል ካለ፣ ሁለቱም ይህን ቢያስቡበት ደግ ነው።

ይህን ሁሉ ስል «ወይ ህንዶች!» ብሎ ከንፈሩን የሚመጥ አንባቢ ይኖራል። ቀስ ነው። ከፋ ውስጥ ማንጆ የበላበትን ዕቃ ሌላው አይነካም ሲባል የኖረው በእኛው ሀገር ነው። ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ ናት እያልን በእጇ በሠራችው ድስት ወጣችንን ስንሠራ፣ ከእጇ ግን ጉርሻ ሳንቀበል ስንት ዘመን ኖርን? ጸበል ጸዲቁን ሁሉም ይቀምሰዋል እንላለን፤ ማን የት ተቀምጦ እንደሚቀምሰው ግን እናውቃለን።

የፑሪ በር ለሂንዱ ሁሉ ከተከፈተ ቆይቷል፤ ሂንዱ ላልሆነ ዛሬም ዝግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ጠቅላይ ሚኒስትሯ ኢንዲራ ጋንዲ ራሳቸው ፓርሲ አግብተዋል ተብለው ተከልክለዋል። መቅደሱን ያዩት ፊት ለፊቱ ከነበረው ቤተ መጻሕፍት ሰገነት ላይ ሆነው ነው። የውጭ እንግዳም እዚያው ሰገነት ላይ ይወጣ ነበር። ማሃፕራሳዱ ግን አይከለከልም፤ ገብቶ የገዛ ሰው በማሰሮው ይዞት ይወጣል፣ ውጭ ለቆመው ያካፍለዋል፣ እርሱም ይበላል።