ትንሹን ቶርኖ በኤሌክትሮኒክ መሪ ማደስ ይገባልን?

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ፣ በእጅ የሚሠራ ትንሽ የብረት ቶርኖ ኤሌክትሮኒክ መሪ ሊጨመርበት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ጥያቄ መመርመር ነው። ጥያቄው በሐሳብ ብቻ የተነሣ አይደለም። በተማሪዎች መለማመጃ ክፍላችን ያለው ቶርኖ አንድ ብቻ ሲሆን፣ ባለፈው ዓመት ከመካከላችን አንዳንዶች «ይህ መሣሪያ በኮምፒውተር እንዲታዘዝ ይደረግ» የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። እኛም ይህን የምንጽፈው ሐሳቡን ከደገፉት ወገን ነበርን። ዛሬ ድጋፋችንን በከፊል ስላነሣን ምክንያቱን መግለጥ ይገባናል። የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የምንናገርለት ቶርኖ በቻይና ተሠርቶ በልዩ ልዩ የንግድ ስም በብዙ አገር የሚሸጠውና «ሰባት ኢንች» የሚባለው ዐይነት ነው። ከሐዲዱ በላይ ሊያዞር የሚችለው ብረት እስከ 180 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ያለውን ነው፤ ክብደቱም 40 ኪሎ ያህል ስለ ሆነ ሁለት ሰዎች ከጠረጴዛ ላይ ያነሡታል። በሜትር ልክ የተሠራው ዐይነት መሪ ብሎኑ በአንድ ዙር 1.5 ሚሊሜትር ያስኬዳል። ይህን ልክ አንባቢ እንዲያስታውሰው እንለምናለን፤ ኋላ ለሒሳቡ ያስፈልገናልና።

ነገሩን ለመመዘን ከመነሻው መጀመር ይሻላል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሞድስሌይ በ1800 ገደማ በለንደን የብሎን ጥርስ የሚቈርጥ ቶርኖ ሲሠራ፣ መቍረጫውን ከሠራተኛው እጅ ወስዶ በጽኑ ተንሸራታች ላይ አሰረው፤ የተንሸራታቹንም ጕዞ በመሪ ብሎንና በሚለዋወጡ ማርሾች ከብረቱ ዙር ጋር አገናኘው። እንግዲህ የቶርኖው ጥበብ በሁለት ነገር ላይ ቆሟል ማለት ነው፤ አንደኛው የአካሉ ጽናት፣ ሁለተኛው በዙርና በጕዞ መካከል ያለው የተወሰነ ልክ ነው። በ1952 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሰዎች በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ የሚታዘዝ የብረት መፈልፈያ መሣሪያ ባሳዩ ጊዜ፣ የተለወጠው ሁለተኛው ነገር ነው። በማርሽ ይጠበቅ የነበረው ልክ በቍጥር መጠበቅ ጀመረ። የመጀመሪያው፣ ማለት የአካሉ ጽናት፣ በቍጥር አልተተካም፤ እስከ ዛሬም አይተካም።

ስለዚህ ታሪክ በሰፊው የጻፈው አሜሪካዊው ዴቪድ ኖብል ነው። በ1984 ባወጣው «የምርት ኃይሎች» በሚል መጽሐፉ፣ ቍጥራዊው አመራር የተመረጠው በቴክኒክ ብልጫው ብቻ እንዳልሆነ ይከራከራል። የባለሙያውን እንቅስቃሴ በጥብጣብ ቀድቶ የሚደግም ሌላ መንገድ ነበረ፤ አሠሪዎች ግን ዕውቀቱን ከሠራተኛው እጅ አውጥተው ወደ ቢሮ ለማግባት ስለ ፈለጉ ያኛው ተተወ ይላል። ክርክሩ ለትልልቅ ፋብሪካዎች ብርቱ ነው። ነገር ግን አንድ ጕድለት እናይበታለን። የሐሳቡ ጀማሪ ጆን ፓርሰንስ የተነሣው ከሄሊኮፕተር ክንፍ ቅርጽ ነው፤ እንዲህ ያለውን በስሌት ብቻ የሚታወቅ ጠማማ መስመር አስቀድሞ ማንም እጅ በትክክል ካልሠራው፣ ቀድቶ መድገም ከየት ይመጣል? ደግሞም በትንሹ ቶርኖ ዘንድ አሠሪውና ሠራተኛው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ናቸው። ቢሆንም የኖብል ጥያቄ፣ ዕውቀቱ በማን ዘንድ ይቀመጥ የሚለው፣ ተማሪ በሚለማመድበት ክፍል ውስጥ ተመልሶ ይመጣል።

አሁን ኤሌክትሮኒኩ በእርግጥ ምን ይሰጣል? ከሁሉ በፊት የሚሰጠው ልክን ነው። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ስለ ሆነ፣ በሜትር መሪ ብሎን የኢንች ጥርስ በትክክል ለመቍረጥ ባለ 127 ጥርስ ማርሽ ያስፈልጋል፤ 127 ለሌላ ቍጥር የማይከፈል ነውና በትንንሽ ማርሾች መተካት አይቻልም። በትንሽ ቶርኖ ላይ ይህን ትልቅ ማርሽ ማስገባት ያስቸግራል፤ ጥርሱ በተለወጠ ቍጥርም ማርሾቹን ፈትቶ መግጠም ያሰለቻል። የብረቱን ዙር የሚቈጥር ኤንኮደርና መሪ ብሎኑን የሚያዞር ስቴፐር ሞተር ቢገጠሙ ግን፣ ያ ሁሉ ድካም በጥቂት ቍልፎች ይተካል። ይህን «የኤሌክትሮኒክ መሪ ብሎን» ይሉታል።

ቢሆንም ቍጥር ሁሉ ንጹሕ አይደለም። የ1 ሚሊሜትር ጥርስ ለመቍረጥ፣ ባለ 1.5 ሚሊሜትሩ መሪ ብሎን በእያንዳንዱ የብረት ዙር ሁለት ሦስተኛ ዙር መዞር አለበት። ሞተሩ በቀጥታ ተገጥሞ አንዱን ዙር በ1600 ርምጃ የሚከፍለው ቢሆን፣ 1066 ርምጃ ከሁለት ሦስተኛ ይደርሳል፤ ሞተር ግን ሁለት ሦስተኛ ርምጃ አይራመድም። ፕሮግራሙ ቀሪውን ይዞ ወደሚቀጥለው ዙር ካሻገረው ስሕተቱ አይጠራቀምም። ቢጥለው ግን በ100 ዙር 0.0625 ሚሊሜትር ይጐድላል፤ ረጅም ብሎንም ከዳዶው ጋር መጣላት ይጀምራል። ስለዚህ መሪውን የሚገዛ ወይም የሚሠራ ሰው ስለ ሞተሩ ኃይል ብቻ ሳይሆን ስለዚህ ስለ ቀሪው ሊጠይቅ ይገባዋል።

ኤሌክትሮኒኩ የማይሰጠው ደግሞ ትክክለኛነትን ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በእኛ ቶርኖ አግድም ተንሸራታች ላይ እጀታው እየዞረ መቍረጫው የማይንቀሳቀስበት ልቅነት ስንለካ 0.15 ሚሊሜትር አገኘን። የዚያ ተንሸራታች ብሎን በዙር 1 ሚሊሜትር ስለሚሄድ፣ ባለ 200 ርምጃ ሞተር አንድ ርምጃ 0.005 ሚሊሜትር ይሆናል። እንግዲህ ሞተሩ አቅጣጫውን በለወጠ ቍጥር 30 ርምጃ በከንቱ ይራመዳል ማለት ነው። ፕሮግራሙ ልቅነቱን ቈጥሮ ያካክሳል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው። ነገር ግን ብረቱ መቍረጫውን ሲገፋውና ሲስበው በልቅነቱ ውስጥ እንዳይወዛወዝ የሚይዘው ቍጥር የለም። እንዲሁም 60 ሚሊሜትር ከመንጋጋው የወጣ ዘንግ ወደ 120 ቢወጣ፣ በጫፉ ላይ በሚያርፍ በዚያው ኃይል መጕበጡ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ሞተሩ ይህን አያውቅም። ተራ ስቴፐር መራመዱን እንጂ መድረሱን አያረጋግጥም፤ ቢደናቀፍና ርምጃ ቢጠፋበት ሥራውን ከተሳሳተ ቦታ ይቀጥላል። በአሮጌ አቁማዳ አዲስ ወይን ስለ መጨመር የተነገረው ምሳሌ ለዚህም ይስማማል።

መብራት በሚቋረጥበት አገር አንድ ሌላ ነገር መታሰብ አለበት። በማርሽ የተያያዘ ቶርኖ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ብረቱም መሪ ብሎኑም አብረው እየዘገዩ ይቆማሉ፤ ልካቸው አይፈታም። በኤሌክትሮኒኩ ግን መሪው ወዲያው ሲሞት ብረቱ በሩጫው ጥቂት ዙር ይዞራል፤ ቆሞ የቀረው መቍረጫም የተጀመረውን ጥርስ ይልጠዋል። እንግዲህ ቢያንስ ለመሪው ለብቻው ኃይል የሚያቈይ ባትሪ ከወጪው ጋር መቈጠር አለበት።

ስለ ትምህርቱም እንናገር። ጀማሪ ተማሪ እጀታውን ሲያዞር መቍረጫው መደነዙን በመዳፉ፣ ብረቱ መንቀጥቀጡን በጆሮው ያውቃል። እጀታዎቹ ተነቅለው ሞተር ቢተካባቸው ይህ ትምህርት ከክፍላችን ይጠፋል፤ ሌላ ቶርኖ ስለሌለን የሚመጡት ተማሪዎች የሚማሩበት ቦታ አይኖርም። ከዚህም በላይ እድሳቱ በመካከል ቢበላሽ ወይም ገንዘቡ ቢያልቅ፣ ክፍሉ በእጅም በኮምፒውተርም የማይሠራ ብረት ታቅፎ ይቀራል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ያን ጊዜ መጸጸት አይጠቅምም።

ተቃዋሚዎቻችን የሚሉትን አናቃልልም። የዛሬው ፋብሪካ በእጀታ አይሠራም፤ ፕሮግራም መጻፍ የማይችል ተመራቂም ይቸገራል። ፕሮግራሙም ቢሆን ውድ አይደለም፤ ከአሜሪካ መንግሥት የስታንዳርድና የቴክኖሎጂ ተቋም ሥራ የተወለደው ሊነክስ ሲኤንሲ በነጻ ይገኛል። አንድ ዐይነት ዕቃ መቶ ጊዜ የሚደግም ወይም ሾጣጣና ጠማማ ቅርጽ ዘወትር የሚቈርጥ ሰው፣ ሁለተኛ ቶርኖም ካለው፣ ሙሉ እድሳት ቢያደርግ ትክክል ነው እንላለን። ደግሞም ፕሮግራሙን ያለ ቶርኖ በኮምፒውተር መስኮት ላይ ብቻ መማር ይቻላል፤ የብረትን ጠባይ ግን ያለ ብረት መማር አይቻልም። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ማስቀደም ግድ ከሆነ፣ ሌላ ምትክ የሌለው ይቅደም።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ፍርድ ይህ ነው። በመጀመሪያ ተንሸራታቾቹ ይጥበቁ፣ ልቅነቱ ይቀነስ፣ ኩሽኔታው ይመርመር፤ ይህ ከወጪ ይልቅ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ቀጥሎ የኤሌክትሮኒክ መሪ ብሎን ይግባ፤ እጀታዎቹ ግን በቦታቸው ይቈዩ፣ የወለቁት ማርሾችም ተቀብተው በሣጥን ይቀመጡ፣ በክፉ ቀን ይመለሳሉና። ሙሉው እድሳት ሁለተኛ ቶርኖ እስኪገኝ ይቈይ። ባለፈው ዓመት እጃችንን ያነሣነው ቶርኖው እንዲራቀቅ ፈልገን ነበር፤ ምን እንደሚጐድለው ግን አልለካንም ነበር። በሚመጣው ስብሰባ ሐሳቡን ደግፈው የሚናገሩ ጓደኞቻችን መለኪያውን ይዘው እንዲመጡ እንጠይቃለን።