ነጭ ጋቢና ጠይም ፊት፤ ስለ ፎቶግራፍ ፊልም ምርጫ

በየዓመቱ ጥር 11 ቀን በጎንደር በፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት የሚነሡትን ፎቶግራፎች ሰብስቦ የተመለከተ ሰው አንድ ጉድለት ደጋግሞ ያገኛል። የምእመናኑ ጋቢና ነጠላ፣ የካህናቱም ጥምጥም እጥፋቱ ሳይቀር ተለይቶ ይታያል፤ ፊታቸው ግን ዐይኑ ከቅንድቡ የማይለይ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይቀራል። ሥዕሉን ያዩ ሰዎች «እንዴት ያምራል!» ይላሉ። ለመሆኑ የተነሣው ሰውዬው ነው ወይስ ልብሱ? ይህን ጥያቄ የምናነሣው፣ ከዲጂታል ካሜራ ወደ ፊልም የሚመለሱ ወጣቶች ሥራቸውን ሲያሳዩን ስለ ፊልሙ ስምና በሥዕሉ ላይ ስለሚታየው ደቃቅ ነጠብጣብ ብዙ ሲናገሩ፣ ስለ ፊቱ ግን አንዲት ቃል ስላልሰማን ነው።

የፊልም ገበያ መጥበቡ የታወቀ ነው። ኮዳክ ኮዳክሮም የተባለውን ፊልም በ2009 (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እናስቀምጣለን) መሥራቱን አቆመ፤ በ2012 መጀመሪያም ኩባንያው ራሱ ዕዳው በዝቶበት ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ፉጂ፣ አክሮስ የተባለውን ጥቁርና ነጭ ፊልም በ2018 አቋርጦ በማግሥቱ ዓመት ሁለተኛ ብሎ መለሰው፤ ፕሮ 400 ኤች የተባለውን ባለ ቀለም ፊልም ግን በ2021 ተወው። እንግዲህ እጁን በአንድ ፊልም ያለማመደ ሰው ፊልሙ ሳያስበው ሊጠፋበት ይችላል። ስለዚህ ከብዙ ዓመት ጀምሮ ሳይቋረጥ የሚሠራውን፣ ለምሳሌ የኢልፎርድን ኤችፒ 5 ወይም ከ1954 ጀምሮ በጥቅል የሚሸጠውን የኮዳክን ትራይ ኤክስ መያዝ ይሻላል። ባለ ቀለም ፊልም ሲታጠብ 38 ዲግሪ ያህል ሙቀት ሳይዛነፍ መጠበቅን ይፈልጋል፤ ጥቁርና ነጩን ግን በ20 ዲግሪ ውሃ፣ በትንሽ ማጠቢያ ዕቃ፣ በቤት ውስጥ ማጠብ ይቻላል። ከማጠቢያ ቤት ርቆ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ፊልሙን ከውጭ የሚያመጣ ዘመድ ያለው ሰው፣ ዘመዱ ለጭነት በሚሰጠው ሻንጣ ውስጥ እንዳይከተው አደራ ይበለው፤ በእጁ የያዘውም ቢሆን በአዲሶቹ የአውሮፕላን ማረፊያ መፈተሻ መሣሪያዎች ካለፈ ሊበላሽ ይችላልና በእጅ እንዲፈተሽለት ይለምን። ጊዜው ያለፈበትን ፊልም ስለ ርካሽነቱ የሚገዙም አሉ። ፊልም ሲያረጅ ጭጋግ ይለብሳል፤ ጭጋጉም አስቀድሞ የሚበላው የሥዕሉን ጨለማ ክፍል ነው። በእኛ አገር ሥዕል ደግሞ በዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ የሚገኘው ፊቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነጭ ጥጥ ከወረደበት ብርሃን አብዛኛውን ይመልሳል፤ ጠይም ፊት ጥቂቱን ብቻ ይመልሳል። የብርሃን መለኪያው ያየውን ሁሉ አማካይ አድርጎ ስለሚቆጥር፣ ጋቢ የለበሰ ሕዝብ በፊቱ ሲሞላ ብርሃኑ የበዛ መስሎት «ቀንስ» ይላል፤ ፎቶግራፍ አንሺውም ይቀንሳል። በዚህ ላይ በባሕረ ጥምቀቱ አጥር ላይ ሥራቸውን የዘረጉት ዛፎች ጥላ ይጨመርበታል። እኛም በአንድ ጥምቀት 36 ጋቢ አንሥተን፣ አንድም ሰው ሳናነሣ ተመልሰናል። መድኃኒቱ ወደ ሰውዬው ቀርቦ ብርሃኑን ከፊቱ ላይ መለካት ነው። ባለ 400ውን ፊልም እንደ ባለ 200 ቆጥሮ ማንሣት፣ የማጠቢያውንም ጊዜ በመጠኑ ማሳጠር ፊቱን ያወጣዋል፤ ጋቢውም እጥፋቱን አያጣም። ኔጋቲቭ ፊልም የብርሃንን ትርፍ ይችላል፤ ስላይድ የሚባለው ግን አይችልም፤ ስለዚህ ለጥምቀት አንመርጠውም።

«ይህ የእጅ ስሕተት እንጂ የፊልም አይደለም» የሚል ቢኖር ግማሹን ልክ ነው። በአሜሪካ ፎቶ ማተሚያ ቤቶች ቀለሙን የሚያስተካክሉት «ሸርሊ» በሚባል ካርድ ላይ በታተመች በአንዲት ነጭ ሴት ፊት ነበር። ፈረንሳዊው የሲኒማ ሰው ዣን ሉክ ጎዳር በ1970ዎቹ መጨረሻ ወደ ሞዛምቢክ በሄደ ጊዜ የኮዳክ ፊልም በዘር ያዳላል ብሎ አልጠቀምበትም እንዳለ ይነገራል። ኮዳክም በኋላ ጠቆር ያለውን ቀለም የሚለይ ፊልም የሠራው፣ ቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎች ዕቃችን በሥዕሉ አልተለየም ብለው ስላመለከቱም ጭምር ነው። ስለ ቸኮሌት የተደረገው ስለ ሰው አስቀድሞ አለመደረጉ የሚያስገርም ነው።

ስለ ነጠብጣቡ ደግሞ የጎንደሩን ተወላጅ የኃይሌ ገሪማን ሥራ ማንሣት ይገባል። አባቱ ገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው» የተባለውን መጽሐፍ የጻፉት ናቸው። ኃይሌ በ1976 ያወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ የተዋናይነት ሙያ በሌላቸው ሰዎች፣ በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ የተቀረጸ ነው። ሥዕሉ ሸካራ ነው። ሸካራነቱ ግን ከገንዘብና ከጊዜ ማነስ የመጣ እንጂ ለጌጥ የተገዛ አይደለም፤ ተመልካቹም ነጠብጣቡን ሳይሆን የገባሩን ድካምና የባለ ርስቱን ትዕቢት ያያል። ዛሬ ያንኑ ሸካራነት ከሱቅ በውድ ዋጋ የሚገዛው ወጣት በውስጡ ምን እንደሚያሳይበት ቢጠየቅ ተገቢ ይመስለናል። አንዳንዶቹ የሚያሳዩት እንዳላቸው አይተናል፤ በተለይም ከጥምቀቱ ሕዝብ ይልቅ የሰሜንን እረኞች ያነሡቱ። ብዙዎቹ ግን የላቸውም።

የማሊው ሴይዱ ኬይታ ከ1948 ጀምሮ በባማኮ በከፈተው ፎቶ ቤት፣ ዋጋው እንዳይበዛ ሲል ለአንድ ደንበኛ አንድ ሥዕል ብቻ ማንሣት ልማዱ ነበር። በዚያች አንዲት ሥዕል የሴቲቱ ፊትም የቀሚሷም አበባ አብረው ይታያሉ። አንገቷን፣ እጇን፣ የራስዋን መሸፈኛ በትዕግሥት አስተካክሎ ነበር ካሜራውን የሚነካው።

በእኛም ዘንድ ሥራውን የሚያሳየን ወጣት ከታተመው ሥዕል በፊት ኔጋቲቩን ያምጣልን። ጋቢው በኔጋቲቩ ላይ ጥቁር ነው። ፊቱ ግን ወደ መስኮት ሲያዙት እንደ ባዶ መስተዋት ብርሃኑን ዝም ብሎ ካሳለፈ፣ በዚያ የተጻፈ ነገር የለም፤ ማንም አታሚ ሊያወጣው አይችልም።