ቢላ የሌለበት ቁስል

ስሙኝማ… ይቺ «ያለ» የምትባል ቃል ገበያዋ ደርቷል። «ያለ ቀዶ ጥገና፣ ያለ ሕመም፣ ያለ ምንም የጎንዮሽ ጉዳት የረገበ ቆዳዎን እናጠብቃለን!» ይላል ሰሞኑን ያየሁት የውበት ሕክምና ማስታወቂያ። ሦስት «ያለ» ባንድ ትንፋሽ! የመጀመሪያዋ እውነት ናት። በሁለተኛዋ መከራከር ይቻላል። ሦስተኛዋ ግን የማሽኑን አሠራር ራሱን ትቃረናለች፤ እንዴት በሉኝ።

ቆዳችንን ወጥሮ የያዘው ኮላጅን የሚባል ገመድ መሰል ፕሮቲን ነው። ዕድሜ ሲገፋ እየሳሳ ይሄዳል፤ ሴቶች ላይ ደግሞ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ይብስበታል። ማሽኖቹ፣ በሬዲዮ ሞገድ የሚሠሩትም ሆኑ በአልትራሳውንድ፣ ሥራቸው አንድ ነው፤ ከላይኛው ቆዳ ሥር ያለውን ክፍል ማሞቅ። ኮላጅን ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይኮማተራል። ጥብስ ጠብሶ የሚያውቅ ሰው ይሄን ለማመን ሳይንቲስት አያስፈልገውም፤ መጥበሻ ሞልቶ የገባው ሥጋ ተኮማትሮ ምን እንደሚያክል አይቷልና። ከዚያ ሰውነት «ተቃጠልኩ» ብሎ ጥገና ይጀምራል፤ አዲስ ኮላጅን ይሠራል። ውጤቱ በአብዛኛው ከ2 እስከ 6 ወር የሚያስጠብቀውም ለዚህ ነው።

እናላችሁ… ጥቅሙ የሚመጣው ከጉዳቱ ነው። ጠባሳ ሳይተው እንዲሽር ተደርጎ የተመጠነ ቃጠሎ በሉት። «ምንም ጉዳት የለውም» ከተባለ ወይ ማሽኑ አይሠራም፣ ወይ ተናጋሪው ሥራውን አያውቅም። (ሦስተኛም አማራጭ አለ፤ እሱን ለእናንተ ትቼዋለሁ።)

ጥቅም የለውም አላልኩም! ቆዳዋ ጥቂት ረገብ ላለባት፣ አገጯ ሥር ትንሽ ሰብሰብ እንዲልላት ለምትፈልግ ሴት ደህና ነገር ነው። (ለወንዱም እንደዚያው፣ ምን ያሳፍራል!) ሙሉ ማደንዘዣ የለ፣ ስፌት የለ፣ ብዙዎቹ በማግስቱ ሥራ ይገባሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በሬዲዮ ሞገድ የሚሠራውን ቴርማጅን እ.ኤ.አ. በ2002 ለዓይን ዙሪያ መጨማደድ፣ በአልትራሳውንድ የሚሠራውን አልቴራፒን ደግሞ በ2009 ቅንድብ ለማንሳት ፈቅዷል። ልብ በሉ፤ ቅንድብ! አንገቱ ላይ ቆዳው የተንጠለጠለ ሰው «የፌስ ሊፍት ውጤት እናመጣልሃለን» ከተባለ ገንዘቡን ይዞ ቤቱ ይቀመጥ። የመጣውም ለውጥ የዘላለም አይደለም፤ እርጅና ሥራውን አያቆምም።

መቅላት፣ ማበጥ፣ መበለዝ፣ ለቀናት ወይም ለሳምንታት መደንዘዝ ያለ ነገር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ይሽራል። አልፎ አልፎ ግን ውኃ የቋጠረ ቃጠሎ፣ ጠባሳ፣ ነርቭ ተነክቶ ለጊዜው የከንፈር መጣመም፣ ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ጠፍቶ የጉንጭ መሰርጎድ ይመጣል። ወጣት ልትመስል ገብታ አርጅታ መውጣት ማለት ይሄኔ ነው። መርፌንና የሬዲዮ ሞገድን አጣምረው በሚሠሩት ማሽኖች ላይማ ይኸው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ የቃጠሎ፣ የጠባሳ፣ የስብ መጥፋትና የነርቭ ጉዳት ሪፖርት ስለደረሰው።

የእኛ ነገር ደግሞ ይለያል። ሌዘር ከሆነ፣ ብዙው ዓይነት ብርሃኑን የሚስብለት የቆዳ ቀለም ነው፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ የመቃጠል አደጋው ይጨምራል። የሬዲዮ ሞገድና አልትራሳውንድ ቀለም አይመርጡም፤ ለሐበሻ ቆዳ ይሻላሉ የሚባለውም ለዚህ ነው። ግን በምንም ምክንያት ይቃጠል፣ ነጭ ቆዳ ላይ ቀልቶ የሚያልፈው እኛ ላይ ጠቁሮ ለወራት ሊቀመጥ ይችላል። ሐኪሞች ቆዳን በስድስት ዓይነት የሚከፍሉበት የፊትዝፓትሪክ መለኪያ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1975 ሲጀመር ለነጮች ቆዳ ነበር፤ ቡኒውና ጥቁሩ በኋላ የተጨመሩ ናቸው። ታዲያ «በፊት» እና «በኋላ» ተብላ የተለጠፈችው ፈረንጅ ለሐበሻ ጉንጭ ምን ልትመሰክር ትችላለች?

የማውቃት አንዲት እናት ልጇን ልትድር ሁለት ሳምንት ሲቀራት እንዲህ ያለ ቦታ ገባች። ውጤቱ ወራት እንደሚፈልግ እንኳ የነገራት የለም። ቀኝ ጉንጯ ላይ ሳንቲም ሳንቲም የሚያክሉ ሁለት ጥቁር ምልክቶች ተረፏት። ስትጠይቅ የተሰጣት መልስ «የእርስዎ ቆዳ ሴንሲቲቭ ስለሆነ ነው» የሚል ነው። እዩልኝ! ሙቀቱን የመጠነው ሰው አላጠፋም፤ ያጠፋው ጉንጯ ነው። የሠርጉ ቪዲዮ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምትታየው በግራ ጎኗ ነው።

እኔም ማስታወቂያው ላይ ባለው ስልክ ደወልኩ። «ማሽኑን የሚይዘው ሐኪም ነው?»

«ባለሙያ ነው» አለችኝ ልጅቷ፤ ትሕትናዋ ለጉድ ነው።

«የምን ባለሙያ?»

«የማሽኑ።»

«ቢያቃጥልስ?»

«አያቃጥልም ጋሼ፤ ያለ ጎንዮሽ ጉዳት ነው እኮ!»

ትንሽ ዝም ተባባልን።

«ለባለቤትዎ ነው?» አለችኝ። «ሁለት ሆናችሁ ከመጣችሁ ቅናሽ አለን።»