የሰውን ሸክላ ስለሚያጫውት ሰው

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ዘመዴ ሠርግ ላይ ተገኝቼ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ በአዳራሹ ጥግ ቆሞ ዘፈን የሚያጫውተውን ወጣት እያመለከቱ፣ «ይህስ ምን ሠርቶ ነው ገንዘብ የሚቀበለው? የዘፈነው ሌላ፣ ማሲንቆውን የመታው ሌላ፤ እርሱ ቍልፍ ከመንካት በቀር ምን አለው?» አሉኝ። እኔም ሣቅሁና «እውነትዎን ነው» አልሁ። ወጣቱ ሰምቶን ኖሮ አንገቱን ደፋ። ያ ፊት ከዓይኔ አልጠፋ ስላለ፣ ሳልመረምር የፈረድሁትን ፍርድ እንደ ገና ለመመርመር ተነሣሁ። ለምርመራዬም የመረጥሁት በዚሁ ሙያ ከታወቁት ሁሉ ቀድሞ የሚጠራውን አሜሪካዊ፣ ፍራንኪ ናክልስን ነው። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ናክልስ በ1955 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከተማ፣ ብሮንክስ በሚባለው ክፍል ተወለደ። የጨርቃ ጨርቅ ንድፍ በሚማርበት ጊዜ፣ ከወዳጁ ከላሪ ሌቫን ጋር በምሽት ቤቶች ሸክላ ማጫወት ጀመረ። በ1977 ዓ.ም. ቺካጎ ውስጥ «ዌርሃውስ» ለተባለው የዳንስ ቤት አጫዋች ሲፈለግ፣ ሥራው አስቀድሞ የቀረበው ለሌቫን ነበር። ሌቫን ከኒውዮርክ አልወጣም ስላለ ናክልስ ሄደ። እንግዲህ ታላቁ ዕድሉ የመጣለት ባልንጀራው ሳይገባበት በቀረው በር ነው። ከእናንተ መካከል ሁለተኛ ሆኖ መጠራትን እንደ ውርደት የሚቈጥር ቢኖር ይህን ልብ ይበል።

ወደ ዌርሃውስ የሚመጡት አብዛኞቹ ጥቁሮችና የላቲን አሜሪካ ተወላጆች ነበሩ፤ ብዙዎቹም የራሳቸውን ፆታ የሚያፈቅሩ በመሆናቸው በሌላ ስፍራ የሚናቁና የሚገፉ ነበሩ። የሚጨፍሩበት ሙዚቃም ከእነርሱ ጋር አብሮ ተናቀ። ጁላይ 12 ቀን 1979 ዓ.ም. በዚያው በቺካጎ፣ ኮሚስኪ ፓርክ በተባለው የቤዝቦል ሜዳ፣ አንድ የራዲዮ ሰው በጠራው ጥሪ ሕዝቡ የዲስኮ ሸክላ እየያዘ መጣ። በሁለቱ ጨዋታዎች መካከል ሸክላው ተከምሮ በፈንጂ ተበተነ። በሺህ የሚቈጠር ሰው ወደ ሜዳው ስለ ጐረፈ ሁለተኛው ጨዋታ ሳይደረግ ቀረ። ሸክላ አሳታሚዎችም ከዚያ ወዲያ ከዲስኮ እየራቁ ሄዱ።

ናክልስ ለዚህ የሰጠው መልስ ስድብ አልነበረም፤ ሥራ ነበር። አዲስ የዳንስ ሸክላ እየጠፋ ሲሄድ አሮጌውን ወደ ቴፕ እየቀዳ፣ ቴፑን እየቈረጠና እየቀጠለ፣ ከበሮ ያለበትን ክፍል እያስረዘመ አዲስ አደረገው። ኋላም የከበሮ ድምፅ የሚያወጣ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ጨመረበት። ከዚህ ልማድ የተወለደው ሙዚቃ ዛሬ በዓለም ሁሉ «ሃውስ» ይባላል፤ ስሙም ከዌርሃውስ የተወሰደ እንደ ሆነ ይነገራል።

እዚህ ላይ ለሽማግሌው መልስ አገኘሁ። ሸማኔ ጥጡን አልዘራውም፤ ፈትሉንም የፈተለችው ባልቴት ናት። ነገር ግን ጋቢ የለበሰ ሰው ሁሉ «ሸማኔው ምን ሠራ?» ብሎ አይጠይቅም። ሸክላ አጫዋችም እንዲሁ ነው። የሁለቱን ሸክላ ፍጥነት በጆሮው አስተካክሎ፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላውን ስፌቱ እንዳይታወቅ አድርጎ ያስገባል፤ የሰዉን እግርና ፊት እያየ፣ መቼ እንዲሞቅ መቼ እንዲያርፍ ይወስናል። ይህን ሌሊቱን ሙሉ ማድረግ ቍልፍ መንካት ብቻ አይደለም።

ስለ ሥራዎቹ የራሴን ፍርድ ልስጥ። በ1991 ዓ.ም. ያወጣው «ዘ ዊስል ሶንግ» ቃል የለውም፤ ዋሽንት የሚመስል ዜማ በለሰለሰ ምት ላይ ይመላለሳል። ሌሎች የዳንስ አቀናባሪዎች አድማጩን በጩኸት ሲጐትቱ፣ ናክልስ ግን እጁን ይዞ ይወስደዋል። የቻካ ካንን «ኤይንት ኖባዲ» በ1989 ዓ.ም. እንደ ገና ሲያቀናብርም፣ ዘፋኝዋን ከመሸፈን ይልቅ መንገድ ለቀቀላት። ትልቁ ስጦታው ይህ ይመስለኛል፤ ራሱን ወደ ኋላ አድርጎ የሌላውን ድምፅ ወደ ፊት ማውጣት። ጕድለቱም ከዚያው ይመጣል። ልስላሴው አንዳንድ ጊዜ ከልክ አልፎ ማር እንደ በዛበት ጠጅ ይሆናል፤ አድማጩ ትንሽ ጌሾ ይመኛል።

ነገር ግን ከዜማው ጕድለት ይልቅ የሚከብድ ሌላ ነገር አለ። በስሙ እጅግ የታወቀው «ዩር ላቭ» የተባለው ዘፈን፣ በ1987 ዓ.ም. ትራክስ በሚባለው አሳታሚ ሲወጣ በሸክላው ላይ የተጻፈው የናክልስ ስም ነበር። ዘፈኑን የደረሰውና ድምፁን የሰጠው ግን ጄሚ ፕሪንሲፕል ነው። ናክልስ አብሮት ደክሟል፤ በዳንስ ቤቱም እያጫወተ ያስታወቀው እርሱ ነው። «ዘ ዊስል ሶንግ»ንም ቢሆን ከኤሪክ ካፐር ጋር ነው የደረሰው። ይሁን እንጂ ዛሬም ስንት ሰው ዜማውን እያወቀ የፕሪንሲፕልን ስም ሳያውቅ ይኖራል! የሸማኔው ምሳሌ እዚህ ላይ ይፈትነናል። ከሰው ፈትል የሚሠራ ሰው ክብሩ የሚጸናው የፈተለችውን ሳይረሳ ነው። ባለቤቱን የማይጠራ እጅ ሙያው ምንም ቢያምር ግማሽ ዕዳ አለበት። እኛ አድማጮችም ከዕዳው ነጻ አይደለንም፤ ስም መጠየቅ ስለ ሰነፍን ነው።

ናክልስ በሕይወቱ ሳለ ብዙ ክብር አየ። ግራሚ የተባለው ሽልማት ለሪሚክስ ባለሙያ በ1998 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ የተቀበለው እርሱ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ዌርሃውስ የነበረበት መንገድ በክብር በስሙ ተጠራ። የስኳር በሽታ ነበረበት፤ በ2008 ዓ.ም. አንድ እግሩ ቢቈረጥም ሥራውን አልተወም። ማርች 31 ቀን 2014 ዓ.ም. በ59 ዓመቱ ቺካጎ ውስጥ ዐረፈ። የዌርሃውስ ሕንፃም በ2023 ዓ.ም. በከተማው ቅርስነት ተመዘገበ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ስቶኒ አይላንድ አርትስ ባንክ በተባለው የቺካጎ የሥነ ጥበብ ቤት፣ ለመታሰቢያው የእርሱ ሸክላዎች በሺህ ተቈጥረው ተቀምጠዋል። አብዛኞቹ የሌሎች ሰዎች ሥራዎች ናቸው። ዕድሜውን ሙሉ የሌላውን ድካም ሲሰበስብና ሲያስተዋውቅ የኖረ ሰው መታሰቢያ ከዚህ የተሻለ አይገኝም፤ በእያንዳንዱ ሸክላ ላይ የባለቤቱ ስም ተጽፏልና።

ያን ወጣት ከአንድ ዓመት በኋላ በሌላ ሠርግ ላይ አገኘሁት። ቀርቤ፣ «ልጄ፣ አሁን ያለፈው ዘፈን ላይ ማሲንቆውን የመታው ማን ነው?» አልሁት። ሳያመነታ ስሙን፣ የተወለደበትን አገርና ዘፈኑ የወጣበትን ዓመት ነገረኝ። ከዚያም፣ «ጋሼ፣ እስከ ዛሬ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም» አለኝ። ያን ጊዜ አንገቴን የደፋሁት እኔ ነበርሁ።